ደጅ የሚጠና ሰው ቤቱ አይቀመጥም

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕድሜዬ 36 ነው። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ካገባሁ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ደግ ሰው ነው። አይጠጣም፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደግነው፣ ጋብቻችንም በቁርባን ነው። ልጅ ግን የለንም።

ያልሄድንበት የለም። ሸንኮራ ዮሐንስ ተጠምቀናል። ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብተናል። ቁልቢ ገብርኤል ሦስት ጊዜ ሄደናል፤ ዘንድሮም ታኅሣሥ ላይ እዚያው ነበርን። ስለታቸው የሰመረላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ሲገቡ አይቼ አላስቻለኝም፣ ዘወር ብዬ አለቀስኩ። ምን ዓይነት አማኝ ነኝ? ባለቤቴ እጄን ይዞ ‹አይዞሽ፣ የእኛም ጊዜ ይደርሳል› አለኝ። ድሮ ይህን ሲለኝ እጽናና ነበር። አሁን ምንም አይሰማኝም።

አንድ የደበቅሁት ነገር አለ። ባለፈው ክረምት ‹ሥልጠና አለብኝ› ብዬ አዲስ አበባ ሄጄ ተመረመርኩ። አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ደም ሰጠሁ፣ የማሕፀን ቱቦ የሚያሳየውን ራጅም ተነሣሁ። ሐኪሟ ‹እስካሁን ባየሁት ችግር የለብሽም፣ ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ› አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እንዲሁ በጨዋታ መሃል ‹ለምን ሁለታችንም አንታይም?› ብዬ ብጠይቀው ፊቱ ተለወጠ። ‹ልጅ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው ወይስ ሐኪም? ጊዜውን መጠበቅ ካልቻልሽ ምኑን አመንሽ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነሣ ብድግ ብሎ ሱቅ ይሄዳል።

አማቴ ደግሞ በገና ዕለት ሰው በተሰበሰበበት ‹የልጄ ቤት እንዲህ ጭር እንዳለ ሊቀር ነው› አሉ። ለብቻውም ‹ከውጭም ቢሆን አንድ ውለድ› እንዳሉት እህቱ ነገረችኝ። እሱ ምን ብሎ እንደመለሰላቸው አላውቅም። ልጠይቀውም ፈራሁ።

እግዚአብሔርን አልተውኩም። ግን እየመሸብኝ ነው። መጠበቅ ማለት ዝም ማለት ነው? ሐኪም ቤት መሄዴ እምነት ማጣት ነው? ለባለቤቴስ ልንገረው ወይስ በዚያው ውጬው ልቅር?

ሀ. ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን»


ውድ እህቴ ሀ.፣

ከቁልቢው ልጀምር። እዚያ ዘወር ብለሽ ያለቀስሽውን ልቅሶ እንደ ጥፋት ነው የጻፍሽልኝ። እኔ ሳነበው ሐናን ነው ያስታወስሽኝ፣ የነቢዩ ሳሙኤልን እናት። እሷም በየዓመቱ ከባሏ ጋር ወደ ሴሎ ትወጣ ነበር፣ እናንተ ታኅሣሥ 19ን ብላችሁ ቁልቢ እንደምትወርዱት። በየዓመቱም እዚያው በበዓሉ ላይ ታለቅሳለች፣ እህል አይወርድላትም። ጣውንቷ ፍናና ደግሞ ነገር ትወጋታለች። ባሏ ሕልቃና ይወዳታል። ይወዳታል ግን «እኔ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽም ወይ?» ይላታል። ይህን ጥያቄ በስንት ቤት ስንት ሴት ሰምታዋለች! ፍቅር አለበት። አፍ ግን ያስይዛል። አሁን «አዎ» ትበል ወይስ «አይ»?

ያንቺም ባለቤት «የእኛም ጊዜ ይደርሳል» ሲልሽ ክፋት አስቦ አይደለም። ብቻ በዚያች ሰዓት ተስፋውን ትቶ አብሮሽ ቢያለቅስ ይሻልሽ የነበረ ይመስለኛል። ተሳሳትኩ?

ሐና ምን አደረገች? ተነሥታ ገባች። ድምፅዋ ሳይሰማ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷም «አይደለም ጌታዬ» አለችው። ያልጠጣች፣ ልቧ ያዘነባት ሴት እንደሆነች አስረዳችው። ለካህን እኮ ነው መልስ የሰጠችው! በአክብሮት ነው፣ ግን ዝም አላለችም። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህችን ቦታ እወዳታለሁ። ሳሙኤል ከመወለዱ በፊት ናት፤ ገና ምንም ባልተሰጣት ሰዓት።

«መጠበቅ ማለት ዝም ማለት ነው?» ላልሽው እዚያው ዳዊትሽ ላይ መዝሙር 39ን ግለጪ (በሌላው አቆጣጠር 40 ነው)። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» ይላል። ተርጓሚዎቹ «ጠበቅሁት» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። «ደጅ ጠናሁት» አሉ። ደጅ መጥናትን ደግሞ አያቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። ርስቱ የተወሰደበት፣ ፍርድ የጎደለበት፣ ሹመት የፈለገ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወደ ጌታው ደጅ ይሄዳል። ሳምንት ይቆያል፣ ወር ይቆያል፣ አንዳንዱ ዓመት። ቆይታው ግን ሥራ አለው። ማለዳ ተነሥቶ ፊቱን ያሳያል። ጌታው ሲወጣ «አቤት!» ይላል። አማላጅ ይልካል። ምስክር አምጣ ከተባለ ምስክር ያመጣል። ጊዜውን የሚቆርጠው ጌታው ነው፣ እዚህ ላይ ባለቤትሽ ልክ ነው። ነገር ግን «ሲፈልገኝ ያስጠራኛል» ብሎ ቤቱ የተኛውን ሰው ማንም ደጅ ጠኚ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ሄደሽ መመርመርሽን ከደጁ እንደ መሸሽ አልቆጥርብሽም። እዚያው ደጁ ላይ ሆነሽ የተጠየቅሽውን ያቀረብሽ ነው የሚመስለኝ።

ስለ ሐኪሙ ብዙ አልቆይም፤ መልሱን አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብረው ይላል፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ቅደም ተከተሉም ደስ ይለኛል። ጸልይ፣ ከኃጢአት ራቅ፣ መባህን አቅርብ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው። እናንተ የፊተኛውን ሰባት ዓመት ሙሉ ስታደርጉ ኖራችኋል። የኋለኛው ነው የቀረው። አቡነ ጳውሎስም በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል፣ መድኃኒቱን መውሰድም ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያኔ ስንቱ ሰው «ጠበል ከገባሁ መድኃኒት መዋጥ አለማመን ነው» ብሎ ያቋርጥ እንደነበር ታስታውሺ ይሆናል።

ደግሞስ ባለቤትሽ ጥርሱን ሲያመው የት ይሄዳል? (ይህን ግን እንዳትዪው አደራ። ክርክሩን ታሸንፊና ሰውየውን ታጪዋለሽ።)

ምክንያቱም ነገሩ የእምነት ክርክር አይመስለኝም። ፍርሃት ነው የሚሸተኝ። ባለቤትሽን አላውቀውም፣ ልሳሳት እችላለሁ። ግን ተቆጥቶ፣ ፊቱ ተለዋውጦ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሃይማኖቱን እየጠበቀ ነው ለማለት ይቸግረኛል። እኛ አገር ልጅ ሲጠፋ ዓይን ሁሉ ወደ ሴቷ ነው። «መካን» የሚለው ቃል ለእሷ ተሰፍቶ የተቀመጠ ነው። ነገሩ ወደ ወንዱ ከዞረ ግን በሹክሹክታ ይወራል፣ ሱቁ ድረስ ይከተለዋል። ያንን ወረቀት ከመስማት «ጊዜው አልደረሰም» ማለት በጣም ይቀላል።

አትፍረጂበት። ሁላችንም የእግዚአብሔርን ጊዜ መጋረጃ አድርገን ከኋላው ቆመን እናውቃለን። እኔ ራሴ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝን ሰው «እግዚአብሔር በጊዜው ያስታርቀናል» እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገድ እየቀየርኩ አልፌዋለሁ። ጊዜውማ ደርሶ ነበር። ያልደረስኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ትንሽ ስለ ምርመራው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አብረው እየኖሩ 12 ወር ካለፋቸው መታየት ይገባቸዋል ይላሉ ሐኪሞች። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ የእንቁላሉ ቁጥርም ጥራቱም ፈጠን ብሎ ስለሚቀንስ ነው። «እየመሸብኝ ነው» ያልሽው እንግዲህ ቅዠት አይደለም። ደግሞም ብቻችሁን አይደላችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰው አንዱ በሕይወቱ የሆነ ጊዜ ላይ ይህ ችግር ያገኘዋል። ከሚቸገሩት ጥንዶች ደግሞ በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ።

ያንቺን ዓይነት ራጅ ያለፉበት ሴቶች ቀላል እንዳልሆነ ነግረውኛል። የወንዱ ከሁሉም ይቀላል። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ነው፣ በቃ። ናሙናው እንዴት እንደሚሰጥ ማሰቡ ራሱ ያሳፍረው ወይም ከሃይማኖቱ አንጻር ያስጨንቀው ይሆናል። ይህን ለብቻው ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም መጠየቅ ይችላል፤ ሌላ መንገድ ሊኖር ይችላል። አንድ ጊዜ ውጤቱ ጥሩ ባይሆን እንኳ ፍርድ አይደለም። የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታልና ከወራት በኋላ ይደገማል። በዘር ፍሬ አካባቢ ያበጠ የደም ሥር፣ ኢንፌክሽን፣ ሲጋራ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ ብዙ ሊስተካከል የሚችል ምክንያት አለ።

አንድ ነገር ግን ልጠንቀቅልሽ። ሐኪሟ «እስካሁን ባየሁት» ነው ያለችው። ይህን በልብሽ ውስጥ «እንግዲያው የሱ ነው» ብለሽ ተርጉመሽው ከሆነ ቀስ በዪ። የሁለቱም ውጤት ጥሩ ሆኖ ምክንያቱ የማይታወቅባቸው ጥንዶች አሉ። ያ ወረቀት የማስረጃ ሰነድ እንዳይሆንብሽ።

ወደ ወረቀቱ መጣን። ልንገረው ወይስ ልዋጠው አልሽኝ። ንገሪው። መመርመርሽን አልነቅፍብሽም፣ «ሥልጠና» ማለትሽ ግን ሁለታችሁ መሃል ተቀምጧል። ሳይታወቅ አይቀርም፤ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ መሃል ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ያየሽ ሰው አይጠፋም። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማው። ባይታወቅም እንኳ፣ በየማታው ዳዊትሽን ስታነሺ ወረቀቱ ይሰማሻል አይደል?

መቼ? ከጭቅጭቅ በኋላ አይሁን። ማታ ሱቁን ዘግቶ ደክሞ ሲገባም አይሁን። አማትሽ ባሉበትማ ፈጽሞ። እኔ ብሆን እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በእግር ስትመጡ እነግረዋለሁ። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ከባድ ነገር ይችላል። በራስሽ አነጋገር ለውጪው እንጂ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው የሚታየኝ፦

«አንድ የዋሸሁህ ነገር አለ። ክረምት ላይ ሥልጠና ብዬ የሄድኩት ለምርመራ ነበር። ላንተ ሳልነግር መሄድ አልነበረብኝም፣ ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነው። እንዳትቆጣኝ ፈራሁ፤ ደግሞ ክፉ ነገር ከተባልኩም ብቻዬን ልስማው ብዬ ነው። ሐኪሟ አብረን እንድንመጣ ትፈልጋለች። እኔም ከአሁን በኋላ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።»

እዚህ ላይ አቁሚ። «እኔ ደህና ነኝ ተባልኩ» የሚለውን አታስቀድሚው። ከጠየቀሽ ግን ወረቀቱን ስጪው፣ እንዳለ። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ፣ ተዋሽቷል። ሁለት ሦስት ቀን ዝም ሊልሽ ይችላል፤ አንቺ ግን በዝምታው ውስጥ ነገሩን ደጋግመሽ አታንሺበት። ትዕግሥት ትዕግሥት እያሉ ሲመክሩሽ ኖረዋል። እውነተኛው የሚያስፈልግሽ በእነዚያ ቀኖች ነው።

በቁርባን ስለሆናችሁ የጋራ ንስሐ አባት ይኖራችኋል ብዬ እገምታለሁ። ለባለቤትሽ ከነገርሽው በኋላ (በፊት አይሁን፣ ከጀርባው የተዶለተ እንዳይመስለው) ለአባታችሁ ንገሪያቸው። እሳቸው «ልጄ፣ ሂድና ታይ» ቢሉት ካንቺም ከእኔም መቶ ጊዜ ይሰማቸዋል። በዚያው አንድ ሌላ ነገር አብራችሁ ብትጠይቋቸው እወዳለሁ። ጾሙን በአልጋም የምትጾሙ ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርቡ፣ ዐቢይ ጾሙ፣ ፍልሰታው፣ ነቢያቱ ሲደመር ከዓመቱ ብዙ ቀን ይሄዳል። ፅንስ ሊያዝ የሚችለው ደግሞ በወር ውስጥ ስድስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነ፣ የወር አበባሽ ከጀመረበት ስትቆጥሪ ከ10ኛው እስከ 15ኛው ቀን አካባቢ ማለት ነው። እነዚያ ቀኖች በየወሩ ከጾሙ ጋር ሲጋጩ ኖረው ቢሆንስ? ጾሙን ተዉ ማለቴ አይደለም፣ እኔ ማን ሆኜ! ቅዱስ ጳውሎስ ግን ባልና ሚስት ለጸሎት የሚለያዩት ተስማምተው፣ ለጊዜው እንዲሆን ጽፏል። ሥርዓቱን የሚያውቁት አባታችሁ ናቸው፣ ጠይቋቸው።

አማትሽን በተመለከተ። «ከውጭ ውለድ» የሚለው ምክር አዲስ እንዳይመስልሽ። አብርሃም ተስፋ ተሰጥቶት ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ሣራ ራሷ አጋርን አመጣችለት፤ እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ሆኖት ነበር። ይስሐቅ የመጣው 100 ሲሞላው ነው። ከእስማኤል በኋላ እንኳ 14 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው፣ በዚያ ላይ ቤቱ ታምሶ፣ አጋር ከነልጇ ምድረ በዳ ወጥታ። አማትሽ ክፉ ሴት አይመስሉኝም። የልጅ ልጅ የናፈቃቸው፣ ቀናቸው የሚያልቅባቸው የመሰላቸው እናት ናቸው። ለእሳቸው መልስ መስጠት ግን ያንቺ ሥራ አይደለም፣ የልጃቸው ነው። ሰው ፊት እንዲያ ሲሉ «እማማ፣ የሁለታችንም ነገር ነው፣ ይጸልዩልን» ብለሽ ቡናውን ቅጂ። ከዚያ በላይ አትመልሺ። እህቱንም በፍቅር «የተባለውን ሁሉ አታምጪልኝ» በያት። ምን ይጠቅምሻል?

ባለቤትሽን ግን ምን ብሎ እንደመለሰላቸው ጠይቂው። በዚያው በእሑዱ ቀን አይሁን፣ በሌላ ቀን። ሰባት ዓመት አንድ ቤት አብሮሽ የኖረ ሰው ነው። ምናልባት እናቱን ተቆጥቷቸው ይሆናል። አንቺ ደግሞ ያላየሽውን መልስ እያሰብሽ ስንት ሌሊት ሳትተኚ አድረሻል?

አሁን አንድ የማልወደውን ነገር ልጻፍልሽ። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ። አልወለደችም። ደጅ ያልጠናችበት ገዳም የለም፣ በኋላም ሐኪም ታይታለች። አልሆነም። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር በጊዜው ይሰጥሻል» ይላት ነበር። እሷ ይህን ንግግር እንደ ጦር ትፈራው ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ አንዷ ጎረቤት ደግማ ስትላት ረከቦቱን ገፋ አድርጋ «ላይሰጠኝም ይችላል እኮ። ያኔም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለቻት። ልጅ ሆኜ ነበር፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ብቻ ቤቱ ጸጥ አለ።

ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐና አሉ፣ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ አሉ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ አሉ፤ ሁሉም ለምነው አገኙ። ስማቸውን የምናውቀው ግን ስላገኙ ነው። ለምነው ያላገኙና በዚያው በደጁ የቆሙ ስንት አሉ፣ ገድል ያልተጻፈላቸው። አንቺን «በእርግጥ ትወልጃለሽ» ብል ውሸቴን ነው። አክስቴም «እኔ ስለነበርኩላት ተጽናናች» ብዬ አላቀልልባትም። ክርስትና በተጠራች ቁጥር ለብቻዋ ታለቅስ ነበር። ደስተኛም ነበረች። ሁለቱም ነበሩ።

ባለቤትሽ እምቢ ቢልስ? ሊል ይችላል። ከእናቱና ከእህቱ ውጭ የሚያከብረው ሰው አለ? ታላቅ ወንድም፣ ሚዜው፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ? አንዳንዴ ወንድ ልጅ ይህን ነገር ከሌላ ወንድ አፍ መስማት ይፈልጋል። «እኔም ታይቻለሁ፣ ምንም አይደለም» የሚል አንድ ሰው ቢያገኝ ብዙ ነገር ይቀልለታል። ፍቺን ግን ማስፈራሪያ አድርገሽ አታንሺው። የምትጠቀሚበት ካልሆነ መሣሪያ አይመዘዝም። ለራስሽ ግን በጸጥታ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ልጅ ባይመጣ፣ ነገር ግን እሱ አብሮኝ ታይቶ፣ አብሮኝ አልቅሶ ቢሆን፣ ከዚህ ሰው ጋር መኖር እችላለሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ከልጁም በፊት የጎደለሽ እሱ ራሱ ነው። ይህንንም ልትነግሪው ትችያለሽ። ስለ ማደጎም ሆነ ስለ ሌላው ሕክምና ለማውራት ገና ነው፤ አሁን አንድ ምርመራ ነው የቀረው።

ጊዜ ቁረጡ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ንገሪው፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ወር አብራችሁ ሂዱ። ወደ መጀመሪያዋ ሐኪምሽ መመለስ ትችላላችሁ። አለበለዚያም አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያውን የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ የግልም አለ። እሱ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ከፈራ አዲስ አበባ መሆኑ ራሱ ይጠቅመዋል። የልብሽን ሰው ይዘሽ እየሄድሽ ስለሆነ መንገዱ እንደ ባለፈው ክረምት አይከብድሽም፤ ሸኖ ላይ ወርዳችሁ ቂቤ ግዙ፣ ለአማትሽም ጭምር።

ወረቀቱን ግን ዛሬውኑ ከዳዊትሽ አውጪው። አትቅደጂው። ልብስሽ መሃልም አታዙሪው። የሁለታችሁ ሰነዶች በሚቀመጡበት፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁ ባለበት አስቀምጪው። እሑድ ስትነግሪው የት እንዳለ ታሳዪዋለሽ።